የብሎን እናት

ሰው ሞተር ሳይክል ሲገዛ ጠባዩ ይለወጣል። የቤቱ ጣሪያ ሦስት ክረምት ሲያፈስበት ባልዲ ደቅኖ የተኛ ሰው፣ የሞተሩ ጎን ላይ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ጭረት ያየ ቀን እህል አይቀምስም። "ልጄን ጫሩት፣ ሞተሬን ግን እንዳትነኩብኝ" ያለ ሰውም አለ፤ ሚስቱ ሰምታ ሳምንት ሙሉ አኩርፋዋለች። እንዲህ ያለ ሰው ሞተሩ ሲበላሽበት ማን ይፍታልኝ ይላል? ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መልሱ አንድ ነበር፤ ጥፍር የለሹ።

ጥፍር የለሹ የተባለው ጥፍር ሳይኖረው ቀርቶ አይደለም። ሥራ ከመጀመሩ በፊት በየጠዋቱ የጋራዡ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ጥፍሩን እስከ ሥጋው ይከረክማል። የእጅ ሰዓት አያስርም። የቀበቶ ዘለበት ቀለም ይጭራል ብሎ ሱሪውን በገመድ ያስራል። ደንበኞቹ "ይኸ ሰውዬ ነገ ጥርሱንም አውልቆ ይመጣል" እያሉ ይስቁበት ነበር። ሞተራቸውን ሲረከቡ ግን ዙሪያውን በጣታቸው ዳብሰው አንዲት ጭረት ያጡና ሳቃቸውን ውጠው ይሄዳሉ።

ሚስቱን የብሎን እናት ይሏታል። ታሪኩም የእሷ ነው። ሃያ አራት ዓመቷ ሳለ፣ በተጋቡ በሦስተኛው ወር፣ ዝናብ መጣ ብላ ጃንጥላ ልታቀብለው ጋራዡ ድረስ ሄደች። ባሏን መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ በሁለት እጁ አንድ ቀይ ሽፋን ደግፎ፣ አምስት ብሎን በጥርሱ ነክሶ አገኘችው። ሰላም ሊላት ስላልቻለ በዓይኑ ብቻ ፈገግ አለ።

"አሁን ብትስቅ ትውጣቸዋለህ፤ ወዲህ በላቸው!" ብላ እጇን ከአገጩ ሥር ዘረጋች። አንድ በአንድ መዳፏ ላይ ተፋቸው። ጃንጥላው በር ላይ ተደግፎ ቀረ፤ እሷም እዚያው ቀረች። ስለ ፍቅር ብዙ ሲወራ እንሰማለን፤ ምራቅ የነካው ብሎን በመዳፍ ተቀብሎ ሠላሳ አንድ ዓመት መቆየትን ግን ማንም አያወራውም።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልንገር። የሞተር ሳይክልን ፊትና ጎን የሚያለብሰው ቀለም የተቀባ የፕላስቲክ ሽፋን ከሩቅ ሲያዩት ብረት ይመስላል፤ ሲነኩት ግን እልኸኛ ነገር ነው። ብሎኑ ስለወጣ ብቻ እሺ ብሎ አይወጣም። ከውስጥ በኩል ላስቲክ ውስጥ የተሰኩ እግሮች አሉት፤ ቀጥ አድርገው ካልሳቡት አንዱ እግሩ ይሰበራል። ከጀርባው የፍሬቻ ሽቦ ተያይዞበታል፤ ሽቦውን ሳይነቅሉ ከሳቡት ተንጠልጥሎ ይወዛወዝና ያገኘውን ሁሉ ይጭራል። አቧራ የጠጣ ሽፋን በደረቅ ጨርቅ ማሸት ደግሞ በአሸዋ እንደማሸት ነው። ስለዚህ ጥፍር የለሹ መጀመሪያ ያጥባል፤ ያደርቃል። ሽፋኑ እየታከከ የሚያልፍባቸውን ጠርዞች በወረቀት ፕላስተር ይለብጣል። መሬቱ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ያነጥፋል። ላስቲኮቹን በሳሙና ውሃ ያርሳል። ከዚያ ብሎኖቹን ሁሉ በየተራ ያላላል እንጂ አንዱን ብቻ ቀድሞ አያወጣም፤ ክብደቱ ወደ አንድ ጎን እንዳይወድቅ ነው። የሚጣደፍ ደንበኛ ሲመጣበት "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ይላል። ደንበኛው እጁን ዘርግቶ ሰዓቱን ቢያሳየው፣ "እሱንም ፍታው፤ ይጭርብናል" ይለዋል።

የእሷ ሥራ ካርቶን ነበር። የእያንዳንዱን ሞተር ቅርጽ በካርቶን ላይ በእርሳስ ትስልና፣ ከቀኝ ትከሻው የወጣውን ብሎን ካርቶኑ ቀኝ ትከሻ ላይ ወግታ ትሰካዋለች፤ ከሆዱ የወጣውን ሆዱ ላይ። ነገሩ የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን ረጅሙን ብሎን በአጭሩ ቀዳዳ ያስገባ ሰው ሽፋኑን ከውስጥ ወግቶ ቀለሙን እንደ ብጉር ያሳብጠዋል፤ ስንቱ ባለሙያ ነኝ ባይ በዚህ ተዋርዷል። ሥዕሏ ለጉድ ያስቃል። አንዷን ሞተር ጀርባዋን አጉብጣ ስላት አንድ ደንበኛ "ይቺ የእኔ ናት ወይስ የጎረቤቴ በቅሎ?" ብሏል። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ግን አንዲት ብሎን ያለ ቦታዋ አልገባችም።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ጨርቁ ይመጣል። ጥፍር የለሹ ዓይኑን ከሽፋኑ ሳያነሳ ቀኝ እጁን ወደ ኋላ ይዘረጋል፤ እሷ የታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ ታስቀምጥበታለች፤ በጨርቁ ይዞ ይስባል። ያለ ጨርቅ ስቦ አያውቅም። አይነጋገሩም፤ እጁ ሲዘረጋ ጨርቁ እዚያ ነው።

መርሳት የጀመረው እንደ ቀልድ ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? ካቻቢቴውን ከዳቦ ማስቀመጫው ውስጥ አገኙትና ሳቁ። አንድ ቀን ሁለት የግራ ጫማ ተጫምቶ ወጣና ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ግማሹ የወለቀ ሞተር ፊት ቆሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ስሚ እስቲ፤ ይኸን እየፈታን ነው እየገጠምን?" አላት።

"እየፈታን ነው" አለችው።

"እኔም እሱን ልል ነበር" አለና ቀጠለ። እሷ ጨርቅ ላምጣ ብላ ወደ ጓዳው ገባች። በር ዘግታ፣ አንድ የዘይት ጨርቅ አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ፊቷ በቅባት ጠቁሮ ስትወጣ "ምን ሆነሽ ነው ጢም ያበቀልሽው?" ብሎ ሳቀባት።

ክሊኒክ ወሰደችው። ሐኪሙ ወጣት ቢሆንም ቅን ሰው ነበር። የሄደው እንደማይመለስ፣ ያለውም ቀስ በቀስ እንደሚሄድ ነገራትና፣ "እጁ የሚያውቀውን ሥራ እስከቻለ ይሥራ" አላት። አንዲት ልጃቸው ግን ይኸን አልተቀበለችም። ባል አግብታ ከተማው ማዶ ነው የምትኖረው፤ በየሁለት ቀኑ ትደውላለች። "እማዬ፣ አባዬን አሳርፊው። አንድ ቀን ሰው ፊት ይዋረዳል፤ ያኔ አንቺም አትችይውም።"

እናትየውም የምትፈራው እሱኑ ነበር። ከዓመታት በፊት፣ ከመንገዱ ወዲያ ማዶ አንድ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ መካኒክ ነበር፤ ደንበኞቹ አንድ በአንድ ጥለውት ሄደው ባዶ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጦ ይውላል። ጥፍር የለሹ ባየው ቁጥር ፊቱን ያዞር ነበር። "ሰው ሥራውን ራሱ ይተው እንጂ ሥራው አይተወው" ብሏት ነበር ያኔ። ቃሉን አልረሳችም። አንድ ቀን በራሱ አፍ "በቃኝ" እንዲል፣ እጁን ታጥቦ፣ በሩን ራሱ ቆልፎ እንዲወጣ ነበር የምትፈልገው። ከዚያ ወዲያ ስሟን ቢረሳ ልጇ ቤት ተቀምጣ ታስታምመዋለች። እስከዚያ ግን አንዲት ጭረት እንኳ በእጁ እንዳትወጣ። ለልጇ "እስከ ክረምቱ መውጫ ታገሺኝ" አለቻት።

ስለዚህ ሥራውን እሷ ትመራው ጀመር፤ እሱ ግን ሳያውቅ። ከሞተሩ ማዶ ትቀመጥና ጥያቄ ትጠይቀዋለች። "ከታች ነው የምትጀምረው ዛሬ?" ስትለው "አዎ፣ ከታች ነው እንጂ ከየት ሊሆን!" ይላል። "ሽቦውን አሁን ነው የምትነቅለው ወይስ ቆይተህ?" ስትለው "ታዲያ ሳልነቅል ልሳበው?" ብሎ ይቆጣታል። ቁጣው ደስ ይላት ነበር፤ የተቆጣበትን ቀን እንደ ጥሩ ቀን ትቆጥረዋለች። ስምንት ወር እንዲህ አለፈ። ደንበኞች አንድም ነገር አላወቁም፤ "የብሎን እናት ዘንድሮ ወሬ አበዛች" ከማለት በቀር።

ያን ቀን የመጣው የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ነው። ሰፈሩ ቀብራራ ይለዋል፤ ሰው ሲጨብጥ እንኳ እጁን እንደ መድኃኒት ቆጥሮ ነው የሚሰጠው። ጥቁር ሰማያዊ ሞተሩ አሥራ ሁለት ዓመት የነዳው መሆኑን ማንም አያምንም፤ ትናንት ከሣጥን የወጣ ነው የሚመስለው። የማቀዝቀዣው ውሃ ከሥር ይንጠባጠባል። ቀዳዳውን ለማየት የሁለቱም ጎን ሽፋን መውለቅ አለበት። ሰውዬው መሐረቡን አውጥቶ መቀመጫውን ጠረገና "እኔ ቆሜ ልይ፤ እርስዎን ተጠራጥሬ አይደለም፣ የሞተሬ ናፍቆት ነው" አለ። ጥፍር የለሹ ሳቀ። ጠዋቱ ጥሩ ነበር።

ቀኙ በሰላም ወለቀ። ግራውን ያዙ። የዚህ ዓይነቱ ሞተር ግራ ጎን አንድ ተንኮል አለበት፤ ከፊት መብራቱ ሥር፣ በትንሽ ጥቁር ላስቲክ የተሸፈነች አንዲት ብሎን አለች። ከላይ አትታይም። ጥፍር የለሹ ራሱ ነው "ሌባው" ያላት፤ ሁሉን ፈታሁ ብሎ የሚስበውን ሰው ጠብቃ የምትይዝ ስለሆነች። አራቱ ብሎኖች ወጥተው ካርቶኑ ላይ ተሰኩ። የቀሩት ሽቦውና ሌባው ነበሩ። የብሎን እናት "ሌባውስ የት ገባ?" ልትል አፏን ስትከፍት ስልኳ ጮኸ።

ልጇ በሥራ ሰዓት አትደውልም። ምን ገጥሟት ይሆን? ደንበኛው ባይኖር ኖሮ ባሏን "እንዳትነካው፣ መጣሁ" ትለው ነበር። ደንበኛው ፊት ይኸን ማለት ግን እሷ ስምንት ወር የሸሸገችውን በአደባባይ መናገር ነው። እጇን አየች፤ ጨርቁ እጇ ላይ ነው። ያለ ጨርቅ አይስብም ብላ አሰበች። ጨርቁን ይዛ ወደ በሩ ወጣች።

"እማዬ፣ ያዘጋጀንላችሁ ክፍል እኮ አለቀ!" ልጇ በደስታ ትስቃለች። "ቀለሙ ደርቋል፤ አልጋውንም አስገባን። ለአባዬ መስኮት አጠገብ ወንበር አድርጌለታለሁ፤ መንገድ ያያል። መቼ ነው የምትመጡት?"

"እስከ ክረምቱ መውጫ አላልኩሽም? ልጄ፣ አሁን ሥራ ላይ..."

ቀጭ አለ። ከዚያም የሚያነጫንጭ፣ ረዘም ያለ የመፋቅ ድምፅ ተሰማ።

ስትዞር ሽፋኑ በፍሬቻው ሽቦ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ሌባው ይዛው የነበረችው ጠርዝ ተገምሷል፤ ሽፋኑ ዞሮ ሲወድቅ የተገመሰው ጫፍ የነዳጅ ታንከሩን ከላይ እስከ ታች ክንድ በሚያህል ጭረት ጭሮታል። ከሰማያዊው ሥር ነጩ ይታያል። ጥፍር የለሹ ባዶ እጆቹን ፊት ለፊቱ ይዞ ቆሟል። መጀመሪያ ጭረቱን፣ ከዚያ እጆቹን፣ እንደገና ጭረቱን አየ። በዓይኑ ውስጥ አንድ ነገር ሲገባው አየች፤ ስምንት ወር ሙሉ እንዳይገባው ስትለፋ የኖረችው ነገር። ያን ፊት ማየት አልቻለችም።

"እኔ ነኝ!" ብላ ጮኸች። ስልኩን እንደያዘች እየሮጠች መጣች። "እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ! 'ሌባውን ፈትቼዋለሁ፣ ሽቦውንም ነቅያለሁ፣ ሳበው' ብዬው ስልክ ላነሳ ሄድኩ። አልፈታሁትም። አንዱንም አልፈታሁት። የእኔ ጥፋት ነው፣ ጌታዬ።"

የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ሁለት እርምጃ ላይ ነበር የቆመው። ሁሉንም አይቷል። "ሳበው" ያለ ሰው እንደሌለ ያውቃል። አሥራ ሁለት ዓመት በመሐረብ ያባበሰው ሞተር ፊቱ ቆስሎ ቆሟል። አፉን ከፈተ። የብሎን እናት ቀና ብላ አየችው፤ በዓይኗ ብቻ ለመነችው። ሰውዬው አፉን ገጠመ። ጫማውን እያየ፣ "ፕላስቲክ ነው" አለ በቀጭን ድምፅ። "ታንከሩም ይቀባል። ቀለም ምን ገዶት።" ይኸን ሰው ቀብራራ ሲለው የኖረ ሰፈር በሙሉ ይቅርታ ይጠይቀው።

የጥፍር የለሹ ፊት ቀስ እያለ ተመለሰ። እጆቹን አወረደ። ትከሻው ቀና አለ። የብሎን እናት ተረፈ አለች በልቧ። ጥፋቱ በእሷ ላይ ወደቀ፤ እሱ የድሮው ባለሙያ ሆኖ ቆመ። ሌላ ምን ትፈልጋለች?

"አንቺ ነሽ ይኸን ያደረግሽው?" አላት።

"እኔ ነኝ።"

"እዚህ ቤት ደንብ አለ።"

ደንቡን ታውቀዋለች። ባለፉት ዓመታት ሦስት ሠራተኞች በዚህ ደንብ ተሰናብተዋል፤ የጫረ ሰው በዚህ ጋራዥ ዳግም ሞተር አይነካም። አንዱማ ሲሰናበት እሷ ራሷ ባሏን ለምና መልሳዋለች። ለደንበኛው ብሎ ነው፣ ሊያስመስል ነው ብላ አሰበች፤ እንዲያውም በሆዷ ትንሽ ሳቀች። ይኸ ሰውዬ ዘንድሮም ክብሩን ያውቃል! ራሷን ዝቅ አድርጋ ሽርጧን ፈታች። እሱ ጨርቁን ከእጇ ተቀበለ፤ ጥርት አድርጎ አጠፈው። ካርቶኑንም ከመሬት አንስቶ፣ ብሎኖቹ እንዳይረግፉ ተጠንቅቆ፣ ከመደርደሪያው ላይ አስቀመጠው። ሁሉንም የሚሠራው በደንብ ነበር፤ አንዲት ስህተት የለበትም።

ከዚያ ዞሮ አያት፤ ፊቱ አዘነ። በሩ ላይ እንደቆመች እንግዳ ሴት ነበር የሚያያት።

"እንዲህ ስል ደስ ብሎኝ አይደለም" አለ። "ስንት ጊዜዎ ነው እዚህ ከገቡ፣ እህቴ?"

የብሎን እናት ሽርጧን በእጇ እንደያዘች ቀረች። ልትስቅ ፈለገች። ፊቱ ላይ ቀልድ ፈለገች፤ ዓይኑ ጥግ ላይ፣ ከንፈሩ ላይ፣ ያን ጊዜ ብሎን ነክሶ በዓይኑ ብቻ የሳቀባትን ሰውዬ ፈለገች። አልነበረም። ቅን፣ ጨዋ፣ የማታውቀው ሽማግሌ ነበር ፊቷ የቆመው።

"ሠላሳ አንድ ዓመት" አለችው።

"ኧረ አይደለም" አለ፣ በርኅራኄ እየሳቀ። "ሠላሳ አንድ ዓመትስ እኔና ባለቤቴ ነን።"

እንባዋ ያኔ ወረደ። ስልኩ ውስጥ ልጇ "እማዬ? እማዬ? ምንድን ነው የተሰበረው?" ትላለች። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ መሐረቡን አወጣ፤ ለማን እንደሚሰጠው ሳያውቅ ያዘው።

ጥፍር የለሹ ሲያለቅሱበት ሆዱ አይችልም። በርጩማዋን አመጣ፤ አቧራውን በእጁ ጠረገና አጠገቧ አስቀመጠላት።

"አይዞዎት፣ አያልቅሱ። ይቀመጡ እዚህች። እኔ በደንቡ ጨካኝ ነኝ፤ ባለቤቴ ግን እንደ እኔ አይደለችም፤ ለሰው ታዝናለች። አሁን ትመጣለች፤ እሷን ያናግሯት። እጅዎ መልካም እንደሆነ አይታ ታውቃለች፤ እሷ ወዲያው ነው የሚገባት። እሷ 'መልሳት' ካለችኝ እመልስዎታለሁ። የእሷን ቃል አልሰብርም፤ ሰብሬም አላውቅም።"

ተቀመጠች። እሱ ወደ በሩ ሄደና እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ መንገዱን ወደ ላይ አየ፤ ወደ ታች አየ። ብዙ ሴቶች ያልፋሉ። በእያንዳንዷ ላይ ዓይኑ ትንሽ ይቆይና ይመለሳል። ግንባሩ ተቋጠረ፤ እንደ ልጅ መጨነቅ ጀመረ።

"ዛሬስ ቆየች" አለ። "እንዲህ ዘግይታ አታውቅም።"

የብሎን እናት ፊቷን በሽርጧ ጠረገች።

"ትመጣለች" አለችው። "ትንሽ ይጠብቋት።"